ዘፈኑ የማን ነው? የባንድ ድርሻ ጣጣ

ባንድ ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለት መብቶች ስለሚምታቱ ነው። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ ግጥምና ዜማው። ሌላው የቀረጻው ነው፤ ስቱዲዮ ገብታችሁ የቀዳችሁት ድምፅ። ቀረጻው ላይ የተጫወተ ሁሉ ደራሲ አይባልም።

የሚያከራክረው ቅንብሩ ነው። ድራመሩ የተለመደ ምት ቢመታ አብዛኛውን ጊዜ የድርሰት ድርሻ የለውም። ግን ሰው ዘፈኑን የሚለየው በኦርጋኑ መግቢያ ከሆነስ? የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፕሮኮል ሃረም ኦርጋን ተጫዋች ማቲው ፊሸር ይህን ይዞ ፍርድ ቤት ሄዷል። «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» የተባለው ዘፈን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ እሱ የከሰሰው ከ38 ዓመት በኋላ! በ2006 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከዜማው መብት 40 በመቶውን ሰጠው። ክርክሩ ግን በይግባኝ እስከ 2009 ተጓተተ፤ በመጨረሻም ፊሸር ረታ።

በአሜሪካ ሕግ ደግሞ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የጋራ ደራሲዎች እኩል ይካፈላሉ። ግማሹን ግጥም የጻፈውም፣ ጥቂት ስንኝ ያዋጣውም። ደስ አይልም አይደል?

ስለዚህ ዘፈኑ እንዳለቀ፣ ገና ሳትኳረፉ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ ጽፋችሁ ፈርሙ። እኩል መካፈልም ያባት ነው። ከባንዱ የሚወጣ ሰው ድርሻውን ይዞ እንደሚሄድም አትርሱ፤ ለሌላ አሳልፎ ካልፈረመ በቀር።