ቢርገር ሩድ፦ የዝላይም የቁልቁለትም ጀግና

ቢርገር ሩድ (1911–1998፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖርዌያዊ የስኪ ተወዳዳሪ ነበር። በስኪ ዝላይ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በአልፓይን ስኪም በ1935 በስዊዘርላንድ ሚውረን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በጥምር ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። ሁለቱ ስፖርቶች በረዶና ስኪ ቢጋሩም የሚጠይቁት ችሎታ ለየቅል ነው። ዘላዩ ከመንደርደሪያው ጫፍ ተወርውሮ ሰውነቱን አየር ላይ ያረጋጋል፤ የአልፓይን ተወዳዳሪ ግን በተራራው ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በሁለቱም ከዓለም ምርጦች ተርታ መሰለፍ የቻለ ሰው እጅግ ብርቅ ነው።

ሩድ የተወለደው ከኦስሎ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ኮንግስበርግ ነው። ከተማዋ በ17ኛው መቶ ዘመን ከተገኘው የብር ማዕድን ጋር የተቆረቆረች ናት፤ በስፖርት ዓለም ስሟን ያስጠራት ግን ዝላይ ነው። በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ የዝላይ አሸናፊ ያኮብ ቱሊን ታምስና የቢርገር ታላቅ ወንድም ሲግሙንድ «የኮንግስበርግ ስልት» የተባለውን አዘላለል አዳበሩ። ከወገብ ጎንበስ ብሎ፣ ደረትን ወደ ፊት ሰጥቶ፣ እጆችን እያወዛወዙ መብረር ነው። ስልቱ እስከ 1950ዎቹ ድረስ የዝላዩን ዓለም ገዝቷል።

ቢርገር በ1931 በጀርመን ኦበርሆፍ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ገና 19 ዓመቱ ነበር። በ1932 በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚመራው የአገሩ ልጅ ሃንስ ቤክ ነበር፤ እሱም የኮንግስበርግ ሰው ነው። ሩድ በሁለተኛው ዙር 69 ሜትር ዘልሎ ቀደመውና ወርቁን ወሰደ። በ1934 በኦስሎ የሚካሄደውን ታዋቂውን የሆልመንኮለን የስኪ ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በፕላኒካ (በዛሬዋ ስሎቬኒያ) 92 ሜትር በመዝለል የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ታላቁ ምዕራፍ በጀርመን የተካሄደው የ1936ቱ የጋርሚሽ-ፓርተንኪርሸን ኦሎምፒክ ነው። የአልፓይን ስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የገባው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ ሜዳሊያ የሚሰጠው ለቁልቁለቱና ለስላሎሙ (በተተከሉ በሮች መካከል እየተጠማዘዙ መውረድ) ድምር ውጤት ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ጽሑፎች ሩድን «የቁልቁለት የኦሎምፒክ ሻምፒዮን» ማለታቸው ትክክል አይደለም፤ ለቁልቁለቱ ለብቻው የተሰጠ ወርቅ የለም። ቁልቁለቱን ማሸነፉ ግን ጥያቄ የለውም። በዚያ ውድድር ጀርመናዊውን ፍራንዝ ፕፍኑርን በአራት ሰከንድ ያህል ቀድሞ ገባ፤ በእንዲህ ዓይነት ውድድር ይህ ሰፊ ልዩነት ነው።

በስላሎሙ አንድ በር ስቶ የስድስት ሰከንድ ቅጣት ተጣለበት። በድምር ፕፍኑር አንደኛ፣ ጉስታቭ ላንችነር ሁለተኛ፣ ፈረንሳዊው ኤሚል አሌ ሦስተኛ ሲሆኑ ሩድ አራተኛ ወጣ። ቅጣቱ ባይኖር ነሐሱ የእሱ ይሆን ነበር የሚለው አስተያየት ተገቢ ይመስላል፤ ከአሌ ጋር የነበረው ልዩነት ጠባብ ነበርና። ወርቁን ያገኝ ነበር ማለት ግን ማጋነን ነው፤ በስላሎሙ ከፕፍኑር እጅግ ርቆ ነበር። ሩድ በሽንፈቱ አልተረበሸም። ጨዋታው በተዘጋበት ዕለት በዝላዩ ስዊድናዊውን ስቬን ኤሪክሶንን በ1.5 ነጥብ በልጦ ወርቁን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። በአንድ ኦሎምፒክ በአልፓይን ቁልቁለት ቀዳሚ ሆኖ በዝላይ ወርቅ ያገኘ ሌላ ስኪተኛ የለም።

የዓለም ሻምፒዮንነቱን በ1935 እና በ1937 ደግሟል፤ በ1937 የኖርዌይ ስኪ ታላቅ ክብር የሆነውን የሆልመንኮለን ሜዳሊያ ተሸልሟል።

ጀርመን በ1940 ኖርዌይን ከያዘች በኋላ የአገሩ ስፖርተኞች በወራሪው ሥር አንወዳደርም ብለው አደሙ፤ ሩድም ከእነሱ ጋር ቆመ። ናዚዎችን በመቃወሙ በኦስሎ አቅራቢያ በሚገኘው የግሪኒ ማጎሪያ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ ከተቃዋሚው ንቅናቄ ጋር ተቀላቅሎ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የሚጥሉትን ጥይት እየፈለገ ይደብቅ ነበር። ከወረራው አራት ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመን መድረክ ላይ ወርቅ የተቀበለ ሰው እንዲህ ያለውን መንገድ መምረጡ ከሜዳሊያዎቹ ያላነሰ ክብር ይገባዋል።

በ1948 ወደ ሴንት ሞሪትስ ኦሎምፒክ የሄደው በአሠልጣኝነት ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻ ራሱ ለመዝለል ወሰነ። በ36 ዓመቱ ከኮንግስበርጉ ፔተር ሁግስቴድ ቀጥሎ ብር አገኘ፤ ሦስተኛውም ኖርዌያዊ ነበር።

የሩድ ቤት ዝና በቢርገር ብቻ አልቆመም። ሲግሙንድ በ1928 በኦሎምፒክ ብር አግኝቶ በ1929 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ታናሹ አስቢዮርን ደግሞ በ1938 በላህቲ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት የወጡ ሦስት ወንድማማቾች አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።