የቀይ ሽብር ማስታወሻዎች፦ እርም ያልወጣለት ሐዘን በጽሑፍ

የቀይ ሽብር ማስታወሻዎች የምንላቸው፣ በደርግ ዘመን ከደረሰው የጅምላ እስርና ግድያ የተረፉ ሰዎች የራሳቸውን ሕይወት የጻፉባቸው መጻሕፍት ናቸው። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ያኔ ተማሪዎች ነበሩ። ብዕር ያነሱት ግን ጎልምሰው ነው፤ ብዙዎቹም በስደት አገር ሆነው። መጻሕፍቱ ታሪክም ናቸው፣ ለቅሶም ናቸው፣ ክስም ናቸው። አንባቢ ይህን ሦስትነታቸውን ካላወቀ ይደናገራል።

መነሻው ይታወቃል። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርግ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወረ ሰባበረ። ዘመቻው ያነጣጠረው በተለይ በተቃዋሚው ድርጅት በኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) ላይ ነበር። ኢሕአፓም በበኩሉ በከተማ ውስጥ የደርግንና ያኔ ከደርግ ጋር የወገነውን የመኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ሰዎችን ይገድል ነበር። ቀበሌዎች ታጠቁ፣ የቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ፣ ያለ ፍርድ መግደል «ነፃ እርምጃ» ተባለ። ስንት ሰው እንደሞተ ዛሬም ስምምነት የለም፤ ግምቶቹ በጣም የተራራቁ ናቸው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ግን ከግድያው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ እያለ እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች። ልጃቸው ለተገደለበት ጥይት እንዲከፍሉ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶ አልተቀመጠም። ልጁ የት እንደተቀበረ ያላወቀ ቤተሰብ እርሙን አላወጣም። በእኛ አገር ሐዘን ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ዕድርና ጎረቤት ይሸከመዋል። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ማስታወሻዎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጡት በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ለምን ዘገዩ? በዚያ ጊዜ መጻፍ ራሱ ያስገድል ነበር። የግል ማስታወሻ ደብተር በአሰሳ ከተገኘ ማስረጃ ይሆናል። በውስጡ የተጠቀሰው ሰው ሁሉ ይያዛል። ስለዚህ ሰው ደብተሩንና መጽሐፉን አቃጠለ፣ ፎቶውን ቀደደ። የድርጅት አባላት በትግል ስም ይጠራሩ ነበርና ብዙዎቹ የጓዶቻቸውን እውነተኛ ስም እንኳ አያውቁም ነበር። ከዓመታት በኋላ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው በእጁ ያለው የራሱ ትዝታ ብቻ ነው።

እስር ቤት ውስጥም ቢሆን ብዕር ጨርሶ አልጠፋም። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በእስር ላይ ሳለ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መልሷል። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ነው። ሲያልቅም በሺዎች የሚቆጠሩት ቁርጥራጮች ከሚፈቱ እስረኞች ጋር በድብቅ ወጡ። ትርጉም ነው እንጂ ግለ ታሪክ አይደለም። ሆኖም ነገ ይገደል ይሆናል የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ረጅም ሥራ መጀመሩ፣ መጻፍ ለእስረኛ ምን እንደነበረ ከማንም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግለ ታሪክ የሚጽፉት በአብዛኛው ንጉሠ ነገሥት፣ መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። አሁን ግን የተሸነፈው ትውልድ ራሱ ተናገረ። ከኢሕአፓ መሥራቾች አንዱ የሆነው ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» በሚል ርዕስ የድርጅቱን ታሪክ በተከታታይ ቅጾች አወጣ። ሥራው ከግል ስሜት ይልቅ ለድርጅቱ ታሪክ ያደላል። እንደ ሰነድ ግን ብዙ ሰው እሱን ይዞ ነው ክርክር የጀመረው።

ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው ሕይወት ተፈራ ጋር ነው። መጽሐፏ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። በአማርኛ «ማማ በሰማይ» ተብሎ ቀረበ። በውስጡ ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት ልጅ አለች፤ ጸሐፊዋ ራሷ ናት። ፍቅር ያዛት፣ ትግል ያዛት፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ። ሰውየው የኢሕአፓ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ጌታቸው ማሩ ነው። የገደለው ደግሞ ደርግ አይደለም። አንጃ፣ ማለትም ከፋፋይ ብሎ የገዛ ድርጅቱ ገደለው። እሷ ከዚያም በኋላ ተይዛ ለዓመታት ታስራለች። ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። ጠላትን መክሰስ አንድ ነገር ነው፤ የወደድከውን ድርጅት፣ ወጣትነትህን የሰጠኸውን ዓላማ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊዋ ያኔ ማን እንደነበረችና ለምን ዝም እንዳለች ሳትሸሽ ትጠይቃለች። በእኔ እምነት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ በደልን በሁለቱም ወገን ማየት።

ገዳዮቹም ጽፈዋል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በስደት ሆኖ «ትግላችን»ን አሳተመ። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታም ለሃያ ዓመት ያህል ታስረው ከተፈቱ በኋላ የየራሳቸውን ትዝታ አወጡ። ለታሪክ ተመራማሪ ጠቃሚ ናቸው። የልጁን ገዳይ ማብራሪያ መደብር ላይ ለሚያገኝ ወላጅ ግን ከባድ ነው።

ፍርድ ቤትም የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱና ግብረ አበሮቹ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። በአሜሪካ ደግሞ ሦስት ኢትዮጵያውያት የገረፋቸውን የቀበሌ ባለሥልጣን አትላንታ ውስጥ ከሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ረትተውታል። ያም ቢሆን ችሎት የሚቀበለው ለክሱ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በእስር ቤት ስለተዘፈነው ዘፈን፣ ከቤት በሰሃን ስለሚመጣው ምግብ፣ ስም እየተጠራ ሰው ስለሚወጣበት ሌሊት ማንም ዳኛ አይጠይቅም።

መጻፍ ራሱ ያድናል ወይ ለሚለው የሥነ ልቦና ጥናት አለ። አሜሪካዊው ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት ስለደረሰባቸው መከራ እንዲጽፉ አደረገ። ወዲያው ሲጨርሱ ስሜታቸው ከበደ። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ መከራው ድርጊትም ስሜትም የጻፉት ከሌሎቹ ያነሰ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በኋላ የመጡ ብዙ ጥናቶች ጥቅሙ እንዳለ ግን ትንሽ እንደሆነ አሳይተዋል። ሐኪምን አይተካም። በፔንቤከር ሙከራ የተጻፈው ደግሞ ለአደባባይ የሚወጣ አይደለም። የእኛዎቹ ማስታወሻዎች በአደባባይ የቆሙ ናቸው፤ የሟች እናት ታነባቸዋለች፣ የቀድሞ ጓድ ይከራከራቸዋል። ስለዚህ ጸሐፊው የሌላውን ሰው ቁስል ሲነካ መጠንቀቅ አለበት። ከ30 ዓመት በኋላ የሚጻፍ ንግግር ቃል በቃል ሊሆን እንደማይችልም አንባቢ ማወቅ አለበት።

ብዙ ያልተጻፈ አለ። የጻፉት በአብዛኛው የተማሩ፣ የከተማ ልጆች ናቸው። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ አራት ልጆቿ በአንድ ቀን የተገደሉባት እናት ቃል ሰፍሯል። እንደ እሷ ያሉ እናቶች ግን መጽሐፍ አልጻፉም። በደርጉ ሹም በመላኩ ተፈራ ዘመን እጅግ የተጎዳው የጎንደር ሕዝብ ታሪክም ከአዲስ አበባው ጋር ሲተያይ ገና በበቂ አልተመዘገበም። የያኔ ወጣቶች ዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ለእነዚህ ሰዎች ብዕር ከማቀበል ይልቅ አጠገባቸው ተቀምጦ ድምፃቸውን መቅዳት ይቀላል። ስም፣ ቀበሌና ወር እየጠየቁ፣ ሲደክማቸው እያቆሙ፣ እንዲወጣ የማይፈልጉትን እየተዉ።