ልጅ እጁን ከታጠበ…

ሰሞኑን የቴሌግራም አነቃቂዎቻችን አንድ አባባል ይዘዋል። «ልጅ እጁን ከታጠበ ከታላላቆች ጋር ይበላል።» ከሥሩ «የአፍሪካውያን አባባል» ይላል። ማብራሪያውም ይከተላል፤ ብር ካለህ ዕድሜህን የሚጠይቅህ የለም፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ወንበር ይለቁልሃል። ከጎኑ መኪና ተደግፎ የቆመ ጎረምሳ ፎቶ አለ። ኧረ ባካችሁ!

አባባሉ ባለቤት አለው። የደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያዎቹ የኢግቦዎች ነው። በነሱ አፍ «ንዋታ ክዎ አካ፣ ኦሶሮ ኦኬንዬ ሪዬ ንሪ» ይባላል። የገበሬ ንግግር ነው፤ ውስጡ አፈር አለበት።

ለኛ የሚምታታብን በቤታችን ልማድ ይመስለኛል። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ያስታጥባል። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቆማል። ደግ እንግዳ ካጋጠመው ጉርሻ ይደርሰዋል፣ ከዚያ ወደ ጓዳ። ስለዚህ «ከታላላቆች ጋር ይበላል» ሲባል ሹመት ነው የሚመስለን።

የድሮው የኢግቦ ገበሬ ግቢ ግን ሌላ ነው። ከፊት ኦቢ የሚባል የአባወራው ቤት አለ። ሚስቶቹ ከጀርባ የየራሳቸው ጎጆና የየራሳቸው ምድጃ አላቸው። ማታ ማታ እያንዳንዷ ትሠራና በልጆቿ እጅ ወደ ኦቢ ትልካለች። ሴቶቹ ልጆች ከእናታቸው ጋር ይበላሉ። ወንዱ ግን ጠንከር ሲል ከእናቱ ምድጃ ተነስቶ ወደ አባቱ ገበታ ይሻገራል። አባባሉ የሚኖረው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

የሚበላው ያም ነው፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥራ ሥር፣ በደቡባችን ቦዬ የሚባለው። ከዓለም የያም ምርት ሁለት ሦስተኛው ያህል ከናይጄሪያ ይወጣል። ኢግቦዎች የሰብል ንጉሥ ይሉታል፣ የወንድ ሰብልም ነው። ጎደሬውና በቆሎው የሴቶች ነው። የወንዱን የያም ማሳ የሚያርሙትም ሴቶቹ ናቸው። (እነሱ ያርማሉ፣ ስሙን ወንዱ ይወስዳል። የት አገር ነው የማይታወቀው? እነዚሁ ሴቶች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1929 «ግብር ሊጣልብን ነው» ብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሺዎች ተነስተው የእንግሊዝን ቅኝ አስተዳደር ያንቀጠቀጡት። ወደ ገበታው ኑ እስኪባሉ አልጠበቁም።)

እዚያው ኢግቦ ምድር ያለችው የአባካሊኪ አካባቢ ተወላጅ የሆነ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። እዚያ አገር የያም ቁልል ትልቅ ነው፤ የልጅ ደረት ይደርሳል። ዝናብ ሊገባ ሲል አፈሩን በዶማ ይቆልላሉ፣ የዘር ያሙን ቁልሉ ውስጥ ይቀብራሉ፣ ሐረጉ ሲወጣ እንጨት ያቆሙለታል። ሲደርስ በጥንቃቄ ይቆፈራል፤ ዶማ የነካው ያም ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚያ ወደ ጎተራ። ጎተራ ስል የኛን እንዳታስቡ። ቀጥ ብለው የተተከሉ እንጨቶች ናቸው፤ ያሙ እነሱ ላይ አንድ በአንድ በገመድ ይታሰራል።

ልጁ ከማሳ ሲመለስ፣ ገና ሳይታጠብ፣ አባቱ «እጅህን ዘርጋ» ይሉታል። መዳፉን አያዩም። ጥፍሩን ነው የሚያዩት። ጥፍሩ ሥር አፈር ካለ፣ ሂድ ታጠብና ና። ንጹሕ ከሆነ ነገር አለ። «ዛሬ የት ዋልክ?» ባልደረባዬ እንደነገረኝ ከማሳ የጠፋ ቀን ጥፍሩ ሥር የደጅ አፈር ይሞጅር ነበር። አባቱ ግን የደጁን አፈር ከማሳው አፈር ይለዩታል።

ወጡ ደግሞ ገርሞኛል። ግራዋ ነው! እኛ ጋን የምናጥብበት ግራዋ። እነሱ ቅጠሉን ምሬቱ እስኪለቅ ደጋግመው እያሹ ያጥቡትና ወጥ ይሠሩበታል። በሙቀጫ የተወቀጠውን ያም በጣት ቆርሰው፣ ድቡልቡል አድርገው እያጠቀሱ ይውጡታል። በቀኝ እጅ።

ለነገሬ የምታስፈልገኝ ይህች ቀኝ እጅ ናት። የድሮ የኢግቦ ወንድ ኢኬንጋ የሚባል ከእንጨት የተቀረጸ ምስል ነበረው፤ ቀንዳም፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ እጁ ቢላዋ የጨበጠ። የሰውዬው የቀኝ ክንድ ጉልበትና የልፋቱ ውጤት ማደሪያ ነው። ሲሳካለት መሥዋዕት ያቀርብለታል። እንግዲህ በዚያ አገር የቀኝ እጅ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ልጁ የሚያጥባት እጅ ስትሠራ የዋለች ናት፤ የሚያጥበው ነገር ያለው ለዚህ ነው።

እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ አባባሉ የተወለደው በአዲስ ያም በዓል ነው። በዓሉ በብዙ መንደር ነሐሴ አካባቢ ይውላል። በዋዜማው የከረመው ያም ተበልቶ ያልቃል ወይም ይጣላል፣ ድስቱና ሙቀጫው ተፈግፍጎ ይታጠባል። በማግስቱ ሽማግሌው ካልቀመሰ ማንም አይነካም። ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ታጥቧል። አባቱ በሰጡት ዘር የራሱን ያም ያበቀለ ልጅ ደግሞ እጁን ታጥቦ ሲጠጋ ይታየኛል። ማስረጃ አምጣ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ቢያንስ ከአነቃቂዎቹ እኔ ለማሳው እቀርባለሁ።

«የአፍሪካውያን አባባል» የሚለውንም ተዉ። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2013 የኢግቦዎቹ ከተማ ኤኑጉ ድረስ መብረር ጀምሯል፤ ስማቸውን መጻፍ ምን ይከብዳል? የአማርኛን ተረት «አንድ የአፍሪካ ሕዝብ እንዲህ ይላል» ብለው ቢጠቅሱት እናኮርፍ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አባባሉ ሽማግሌውንም እንደሚያስር መረሳቱ ነው። ጥፍሩን አይተው ታጠብ ያሉት አባት፣ ልጁ ታጥቦ ሲመጣ ቦታ የለም ማለት አይችሉም። እኛ ጋ አባባሉን ለወጣት የሚጠቅሱ አባቶች ሞልተዋል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር የሠላሳ ዓመት ሰው በዕድር ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ «አንተ ልጅ፣ ቆይ እስቲ» የሚሉትም እነሱው ናቸው። ወይ መጥቀሱን ይተዉት፣ ወይ ጠጋ ይበሉለት።