ቤት ውስጥ የሚሠራ ፓወር አምፕ፦ ድምፁ ከግድግዳ ነው የሚመጣው

ፓወር አምፕሊፋየር ማለት ከስልክ ወይ ከሲዲ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ እስፒከር ለመንዳት የሚበቃ ጉልበት የሚሰጥ ዕቃ ነው። እኛ ጋ ባጭሩ «አምፕ» ነው የሚባለው፣ ለሠርግ ድንኳንና ለቅስቀሳ መኪና የሚጫነው ደሞ ከነእስፒከሩ «ሞንታርቦ»፣ ሞንታርቦ የጣልያን ካምፓኒ ስም መሆኑን ልብ የሚል ብዙም የለም። እዚ የምናየው ግን የድንኳኑን አይደለም፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው የሚሆነውን፣ እሱም በገዛ እጁ በካውያና በካቻቢቴ የሚሠራውን ነው፣ «ሃይ ኤንድ» የሚሉትን ዓይነት። ሃይ ኤንድ ሲባል ደሞ ብዙ ዋት ማለት እንዳይመስላችሁ፣ ዘፈኑ ሲቆም እስፒከሩ ላይ ጆሮ ተለጥፎም ሽ... የሚል የማይሰማበት፣ ሲዘፈን ደሞ የክራሩ ክር ክራር ሆኖ የሚወጣበት ማለት ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልፅ ይሁን። ብዙ ሰው አምፕ ያቺኑ የገባችውን ሲግናል ለጥጦ የሚያወጣ ይመስለዋል። እንደሱ አይደለም። ከግድግዳ የመጣውን ኮረንቲ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኮረንት) ቀይሮ ያጠራቅመዋል፣ ከዛ ሲግናሏ እንደ ቧንቧ መክፈቻ እየሆነች ትከፍተዋለች ትዘጋዋለች፣ እስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው ያ ከግድግዳ የመጣው ኮረንቲ ነው። ይሄ የገባው ሰው ለምን የአምፕ ገንዘብና ልፋት አብዛኛው ትራንስፎርመር፣ ካፓሲተር (ኮረንቱን የሚያጠራቅመው) እና ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) ላይ እንደሚያልቅ አይገርመውም፣ ሁሉም ሰው የሚከራከርበት ሰርኪዩት ግን ከሁሉም ርካሹ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1927 ሃሮልድ ብላክ የሚባል የቤል ላብስ ኢንጂነር በፌሪ ሃድሰን ወንዝን እየተሻገረ ወደ ሥራ ሲሄድ ነጋቲቭ ፊድባክ የሚባለው ሐሳብ መጣለትና እዛው በያዘው ጋዜጣ ላይ ጫር ጫር አደረገው፣ ሐሳቡም ከሚወጣው ሲግናል ትንሽ ቆንጥሮ ወደ መግቢያው መመለስና ስህተቱን በራሱ እንዲያርም ማድረግ ነው። ከዛ በ1947 እንግሊዝ አገር ዊሊያምሰን የሚባል ሰው በአንድ የሬዲዮ መጽሔት ላይ 15 ዋት የሚሰጥ፣ ኬቲ66 በሚባሉ አምፖል መሰል ቱቦዎች የሚሠራ ዲዛይን አወጣ፣ የድምፅ መዛባቱ ከ0.1 ፐርሰንት አይበልጥም ነበር፣ ያኔ ይሄ ጉድ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ ሠራው፣ ካምፓኒዎችም ዕቃውን በካርቶን አሽገው «ራስህ ግጠመው» እያሉ መሸጥ ጀመሩ። ከነዚህ ሁሉ ዝነኛው በ1959 የወጣው የዳይናኮ ስቴሪዮ 70 ነው፣ በአንድ ጎን 35 ዋት፣ ዋጋው መቶ ዶላር ሊሞላ 5 ሳንቲም የቀረው።

የቱቦዎቹን ሥራ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ሲመጣ ነገሩ ቀለለ ግን መጀመሪያ ላይ ድምፁ ሻካራ ነበር። ምክንያቱን ለማየት ሁለት ዘበኞች አስቡ፣ አንዱ ቀን አንዱ ማታ። የሙዚቃ ሞገድ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚሄድ አንዱ ትራንዚስተር የላዩን አንዱ የታቹን ይይዛል፣ የቀኑ ዘበኛ የማታው ሳይደርስ ጥሎ ከሄደ መሀል ላይ በሩ ባዶ ይሆናል፣ ያቺ ክፍተት ናት ጆሮ የምትቧጭረው። ክላስ ቢ የሚባለው ይሄ ነው። ክላስ ኤ ላይ ሁለቱም ሃያ አራት ሰዓት ይቆማሉ፣ ክፍተት የለም ግን ደሞዝ ይበላል፣ ሙዚቃ ባይኖርም ዕቃው እንደ ምድጃ ይግላል፣ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከሚበላው ኃይል ቢበዛ ግማሹን ነው ወደ እስፒከር የሚያደርሰው። መሀከለኛው ክላስ ኤቢ ነው፣ የቀኑ ዘበኛ የማታው መጥቶ ሰላም እስኪባባሉ ትንሽ ይቆያል፣ ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በዚ ነው የሚሄዱት። ክላስ ዲ ደሞ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየበራ እየጠፋ የሚሠራ ነው፣ ከሚበላው ኃይል ከ90 ፐርሰንት በላይ ወደ እስፒከር ያደርሳል፣ አይግልም፣ ግን ዝግጁ ቦርድ ገዝቶ ከመሰካት ውጪ በእጅ ለሚሠራ ሰው ብዙ ደስታ የለውም (ይሄ የኔ ሐሳብ ነው፣ የማይስማማ ይኖራል)።

በ1969 ሊንስሊ ሁድ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በአንድ ጎን 4 ትራንዚስተር ብቻ ያላት 10 ዋት ክላስ ኤ አወጣ፣ እስከዛሬ ሰው ይሠራታል። አሜሪካዊው ኔልሰን ፓስ ደሞ ለየት ያለ ሰው ነው፣ በአንድ በኩል በጣም ውድ አምፕ የሚሸጥ ካምፓኒ መሥርቶ በሌላ በኩል ለቤት ሠሪዎች ሰርኪዩት በነፃ ሲያወጣ ኖሯል፣ በ1994 ያወጣት ዜን የምትባለዋ ሲግናሉን የሚያጎለብተው ትራንዚስተር አንድ ብቻ ነው። ቺፕም አለ፣ ኤልኤም3886 የሚባለው 11 እግር ያለው ጥቁር ነገር በፕላስ ማይነስ 28 ቮልት ለ4 ኦም እስፒከር 68 ዋት ይሰጣል፣ ከውጪ የሚፈልገው ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር ነው፣ ለጀማሪ ከዚ የተሻለ የለም፣ ድምፁንም የሚንቁት ብዙዎቹ ሰምተውት የማያውቁ ናቸው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። 100 ዋት በ8 ኦም እስፒከር ላይ ከፈለግክ እስፒከሩ ጫፍ ላይ 28.3 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ) ያስፈልግሃል፣ የሞገዱ አናት 40 ቮልት ይደርሳል፣ ትራንዚስተሮቹ ራሳቸው ትንሽ ስለሚበሉ ደሞ በፕላስም በማይነስም በኩል 48 ቮልት አካባቢ ዲሲ ይዘህ መነሳት አለብህ። 35 ቮልት ኤሲ በ1.41 ሲባዛ 49 ይመጣል፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት ዳዮዶች የሚቀንሱት ሲቀነስ 48፣ ስለዚ የምትገዛው 35-0-35 ትራንስፎርመር ነው። ክብ ቶሮይድ ቢሆን ይመረጣል፣ ብዙ አያንዛዝም፣ ግን 300 ቪኤ የሆነው ብቻውን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከውጪ ለሚመጣ ዘመድ «ትንሽ ዕቃ ናት» ብሎ ማሸከም ከባድ ነው። እና አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቶሮይዱን መሀሉ ላይ የሚይዘው ብሎን ከታችም ከላይም የሳጥኑን ብረት ከነካ ራሱ እንደ አንድ ዙር ጥቅል ሽቦ ሆኖ ሾርት ያደርጋል፣ ክዳኑን ስትዘጋ ቫልቮላው ጧ ይላል፣ ስትከፍተው ደህና ነው፣ ይሄን ሳያውቁ ሁለት ቀን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ።

አዲስ አበባ ላይ ማታ ማታ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ 220 የተባለው ወደ 200 ወረድ ይላል። ቮልቴጁ በ10 ፐርሰንት ቢወርድ የአምፑ ዋት በ19 ፐርሰንት ይወርዳል፣ በቁጥር ያስደነግጣል፣ ለጆሮ ግን አንድ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ዋት እንዲህ ነው፣ እጥፍ ብታደርገው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው የምትጨምረው፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጦ 300 ዋት ካልሆነ የሚል ሰው እስፒከሩን ቢቀይር ይሻለዋል።

ሙቀት ደሞ ሌላው ዕዳ ነው። ትራንዚስተር ሲሞቅ በአንድ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ቀድሞ መከፈት ይጀምራል፣ ሲከፈት ኮረንት ይጨምራል፣ ኮረንት ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል፣ በቃ በራሱ እያበደ ሄዶ ይቃጠላል። መድኃኒቱ ሙቀቱን የምታይ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር እዛው ሂትሲንኩ ላይ ማሰር ነው፣ ሲሞቅ ኮረንቱን መልሳ ትቀንሳለች። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ይቺን ትራንዚስተር ቦርዱ ላይ አንጠልጥዬ ተውኳት፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ፣ አሥር ደቂቃ በሰላም ዘፈነ፣ ከዛ የሆነ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ፣ እናቴ ከጓዳ «ምንድነው የሚሸተው» እያለች እስክትመጣ አራቱም ፓወር ትራንዚስተሮች ሄደዋል።

ሁለተኛው ሥራዬ ላይ ደሞ ጥፋቱ የኔ አልነበረም። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉት የቶሺባ ጥንዶች በጣም ስለሚፈለጉ በጣም ይኮረጃሉ። ከአንድ ሱቅ ስድስት ገዛሁ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ እግሩ የሚያበራ፣ ገና ድምፁን ከፍ ሳደርገው ሁለቱ ሞቱ። በፒንሳ ሰብሬ ሳየው ውስጡ ያለችው ሲሊከን ከምስር ክክ ታንሳለች፣ ከአሮጌ አምፕ የወጣ እውነተኛውን ሰብሬ ሳስተያየው የሱ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ጽሑፍ መኮረጅ ቀላል ነው፣ ሲሊከን ግን ገንዘብ ነው። ስለዚ ፓወር ትራንዚስተር ከታወቀ አከፋፋይ ካልሆነ አይገዛም፣ ካልተገኘ ደሞ ከሞተ የጃፓን ቴፕ ነቅሎ መጠቀም ከአዲስ ፎርጂድ ይሻላል።

ሳጥኑ ላይ ሰው ይሰንፋል። ሂትሲንክ ከተበላሹ ማሽኖች ይገኛል፣ ላሜራ የሚያጥፍልህ አይጠፋም፣ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩት ጋ ቁርጥራጭ ይለመናል፣ ትራፓኖ ካለህ የቀረው ትዕግሥት ነው። ውስጡ ግን የሽቦ አካሄድ ነው ወሳኙ። እም... የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ 50 ኸርዝ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ለሲግናል ሽቦው ቀርቧል ወይ የግራውንድ (ኮረንት የሚመለስበት የጋራ መስመር) ቀለበት ተፈጥሯል፣ ዝዝዝ የሚል ሻካራ ከሆነ ግን 100 ኸርዝ ነው፣ ካፓሲተሮቹን የሚሞላው ኮረንት የሲግናሉን ግራውንድ መንገድ እየተጋራ ነው ማለት ነው። ግራውንዶችን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ማገናኘት ይሄን አብዛኛውን ይፈታዋል።

አሁን ቀልድ የሌለበት ጋ ደረስን። ብረቱ ሳጥን ከስፒናው ሦስተኛ ሽቦ፣ ከምድር ሽቦዋ ጋር በብሎን መታሰር አለበት፣ የቤቱ ሶኬት ላይ ምድሯ በእውነት መኖሯ ደሞ በመልቲሜትር ይታያል። ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኮረንት ይዘው ይቆያሉ፣ በካቻቢቴ ሾርት እያደረጉ ማራገፍ ዓይን ያሳጣል፣ በወፍራም ሬዚስተር ነው ቀስ ተብሎ የሚራገፈው። ከግድግዳ ኮረንቲ ጋር መጋፈጥ የሚፈራ ሰው እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ባለ ዝግጁ ፓወር ሰፕላይ የሚሠሩ ትንንሽ ክላስ ኤዎች አሉለት፣ ኔልሰን ፓስም ለጀማሪ ብሎ እንደዚ ዓይነት ሠርቷል።

መጀመሪያ ሲበራ በቀጥታ አይሰካም። 60 ወይ 100 ዋት የሆነ የድሮ ቢጫ አምፖል ከግድግዳው መስመር ጋር በተከታታይ ይገባል፣ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ፍክት ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ አምፖሉ ነው የሚበራው እንጂ ትራንዚስተሩ አይቃጠልም። ኤልኢዲ ለዚ አይሆንም፣ እና ቢጫ አምፖል ከሱቅ እየጠፋ ስለሆነ ያላችሁ እንዳትጥሉ። ከዛ እስፒከር ሳይሰካ መውጫው ላይ ያለው ዲሲ ይለካል፣ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ፣ 40 ቮልት ከሆነ እስፒከር ገዳይ ነው። ሳይዘፍን የሚሄደው ኮረንት በትንሿ ማስተካከያ ይሞላል፣ ሂትሲንኩ ሲግል ስለሚቀያየር ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይስተካከላል፣ እንደገና ደሞ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ።

እስፒከር የሚገባው ከዚ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም ጥሩው አይደለም። የኔ መሞከሪያ ከተሰበረ ቴፕ የወጣች የመዳፍ ያህል እስፒከር ናት፣ ወረቀቷ አንድ ጎን ተቀዶ በኮላ ተለጥፏል፣ ጠረጴዛ ሥር ነው የምትኖረው፣ አዲስ ቦርድ በተሠራ ቁጥር መጀመሪያ የምትዘፍነው እሷ ናት፣ እስካሁን ሦስት አምፕ አሟሽታለች።