ሰለምቴ፣ ሙህተዲ፣ ሪቨርት፦ ኢስላምን የተቀበለ ሰው ምን ይባላል?

በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል ሰለምቴ ነው። ሙስሊም ሳይሆን ኖሮ በኋላ ኢስላምን የተቀበለ ሰው ማለት ነው። ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ ሲበዙ ሰለምቴዎች ይባላሉ። ግሱ ሰለመ ነው። ከዚህ ሌላ ሸሃዳ ያዘ፣ ሂዳያ አገኘ፣ ኢስላምን ተቀበለ፣ ወደ ኢስላም መጣ፣ ወደ ኢስላም ተመለሰ ሲባልም ትሰማላችሁ። ዜና አንባቢው ሃይማኖቱን ቀየረ ይላል። የከፋው ዘመድ ደግሞ ካደ ብሎ ይገላገላል።

ሰውዬው ያው ነው፤ ያደረገውም አንድ ነገር ነው። የሚለያየው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከነዚህ ቃላት አንዱን ስትሰሙ ማን እንዳለው ማየት ይበጃል።

መጀመሪያ ድርጊቱን እንየው። አንድ ሰው ሙስሊም የሚሆነው በሸሃዳ ነው። ከአላህ በቀር በእውነት የሚመለክ አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ መልእክተኛ መሆናቸውን አምኖ በአንደበቱ ይመሰክራል። አለቀ። ለዚህ የተሾመ ሰው አያስፈልግም። ኢማም ቢኖር ጥሩ ነው፤ ግድ ግን አይደለም። ገላን ስለ መታጠብ ሊቃውንት ይለያያሉ። ቀይስ ኢብኑ ዓሲም ሲሰልም ነቢዩ በውሃና በሲድር ዛፍ ቅጠል እንዲታጠብ አዘውታል። ከፊሎቹ ሊቃውንት ይህን ይዘው ግዴታ ነው ሲሉ ሌሎቹ የተወደደ ነው ብለው ያልፉታል። ስም መቀየርም ግዴታ አይደለም። መጥፎ ትርጉም ያለው ስም ካልሆነ በቀር ሰው በስሙ ይቀጥላል። በኋላ ሁለተኛው ኸሊፋ የሆነው ዑመር ሳይሰልምም ዑመር ነበር። የምስክር ወረቀት የሚባለው ደግሞ ለጋብቻ፣ ለሐጅና ለመሳሰለው ጉዳይ ነው የሚፈለገው።

ለዚህም ነው አሰለመ የሚለው ግስ እኔን ትንሽ የሚከብደኝ። "እገሌ አሰለመው" ሲባል ሥራው የሌላ ሰው ይመስላል። ሰለመ ሲባል ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። ዐረብኛውም እንዲሁ ነው። አስለመ ማለት ራሱን ሰጠ፣ እጁን ለአላህ ሰጠ እንደ ማለት ነው። ሙስሊም የሚለው ስምም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። እንግዲህ በቃሉ ከሄድን ሙስሊም ሁሉ "የሰለመ" ነው፤ ተወልዶም ይደግበት፣ ትናንትም ይግባበት።

ግሱ አንድ ልክ አለው። በቁርኣን ሱረቱል ሑጁራት 14ኛው አንቀጽ ላይ የገጠር ዐረቦች "አምነናል" ይላሉ። የተሰጣቸው መልስ "አላመናችሁም፤ ግን ሰልመናል በሉ" የሚል ነው፤ እምነት ገና ወደ ልባቸው አልገባምና። ሰለመ የሚለው የሚታየውን ይናገራል እንጂ ልብ ውስጥ ገብቶ አይመዝንም። በዐረብኛ የተለመደው ሌላው ስም ሙህተዲ ከዚህ ራቅ ይላል። ከሂዳያ የመጣ ነው፤ የተመራ፣ መንገዱን ያገኘ ማለት ነው። ሙህተዲ ያለ ሰው መሪው አላህ መሆኑን አብሮ ተናግሯል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ይህን ቃል በምቾት ሊጠቀምበት አይችልም።

ቃል ወገን ሲይዝ በደንብ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። መካ ውስጥ የከተማዋ ጎሳ የሆኑት ቁረይሾች የሰለመን ሰው ሰለመ አይሉትም ነበር። ሰበአ ነበር የሚሉት። ከአባቶቹ ሃይማኖት ወጣ፣ አፈነገጠ እንደ ማለት ነው። ሰውዬው ሳቢእ ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ የሆነው አቡ ዘር መስጂደል ሐራም መሐል ቆሞ ሸሃዳውን ጮክ ብሎ ሲናገር "ተነሱ ወደዚህ ሳቢእ!" ተባብለው ነው የደበደቡት።

የዑመር ግን ይብሳል። የነቢዩን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኢብኑ ኢስሓቅ እንደ ዘገበው፣ ዑመር ሲሰልም ከቁረይሽ ወሬ የማያድርበት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጀሚል ኢብኑ መዕመር አሉት። ሄዶ መስለሙን ነገረው። ጀሚል ቃል ሳይመልስ ልብሱን እየጎተተ ወጣ። መስጂዱ በር ላይ ሲደርስ ባለ በሌለ ድምፁ "ቁረይሾች ሆይ! የኸጧብ ልጅ ሰበአ!" ብሎ ጮኸ። ዑመር ከኋላው ሆኖ "ዋሸ፤ እኔ ሰልሜያለሁ" አለ። ልብ በሉ፣ ጀሚል በዜናው አልዋሸም። የኸጧብ ልጅ የአባቶቹን ሃይማኖት ትቷል። ዑመር ውሸት ያለው የተሰጠውን ስም ነው።

የየማማው አለቃ ሱማማ ኢብኑ ኡሳልም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ተማርኮ መዲና ውስጥ ከመስጂዱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ቆየ። ነቢዩ በነፃ ሲለቁት ሄዶ ታጥቦ ተመለሰና ሰለመ። ለዑምራ መካ ሲገባ አንዱ "ሰበእክ እንዴ?" አለው። "አይ፤ ከአላህ መልእክተኛ ከሙሐመድ ጋር ሰለምኩ" ብሎ መለሰ። አያይዞም ነቢዩ ካልፈቀዱ በቀር ከየማማ አንዲት የስንዴ ፍሬ እንደማትደርሳቸው ነገራቸው።

በዚህ ቃል የተነሳ ሰው ሞቷል። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ630 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ በኑ ጀዚማ ወደተባለ ጎሳ ተላከ። ወደ ኢስላም ጠራቸው። ሰዎቹ "አስለምና" ማለት፣ ሰለምን ማለት አላወቁበትም። "ሰበእና፣ ሰበእና" አሉ። ዙሪያቸው ሲነገር የሚሰሙት ይህ ቃል ሳይሆን አይቀርም። ኻሊድ ከቃሉ የሰማው ግን መስለምን አልነበረም። የተገደለው ተገደለ፣ የተማረከው ተማረከ። በኋላም እያንዳንዱ ሰው ምርኮኛውን እንዲገድል አዘዘ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር "ወላሂ ምርኮኛዬን አልገድልም፤ ከጓደኞቼም ማንም አይገድልም" አለ። ነገሩ ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ እጃቸውን አንስተው "አላህ ሆይ! ኻሊድ ከሠራው ነገር እኔ ንጹሕ ነኝ" አሉ፤ ሁለት ጊዜ። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግበውታል። የሲራ፣ ማለትም የነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከዚያ የነቢዩ የአጎት ልጅ ዐሊ የደም ካሳ ይዞ ወደ ጎሳው ተላከ። ካሳ መከፈሉ ራሱ ፍርድ ነው። ሰዎቹ ሊሉ የፈለጉት ነገር ተቆጥሮላቸዋል፤ ከቁረይሽ አፍ በወጣ ቃል ቢናገሩትም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ስሞች ብዙዎቹ ከእምነቱ ይልቅ የሰውዬውን ቦታ ነው የሚናገሩት። መካ ስትከፈት የሰለሙት ቁረይሾች ጡለቃእ ተባሉ፤ የተለቀቁ ማለት ነው። ይቅርታን የሚያስታውስ ስም ነበር፤ ቆይቶ ግን የፖለቲካ ጠብ ሲነሳ መወራረፊያም ሆነ። ኢስላም ከዐረብ ምድር ሲወጣ ደግሞ መዋሊ የሚባሉ መጡ። ዐረብ ያልሆነ ሰው ሲሰልም ከአንድ የዐረብ ጎሳ ጋር ይጠጋና የዚያ ጎሳ መውላ ይባላል። በኡመውያዎች ዘመን ብዙዎቹ ሰልመውም ሙስሊም ያልሆኑት የሚከፍሉት ግብር አልተነሳላቸውም። ከ717 እስከ 720 የገዛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ ይህን ሲያስቆም ለሹሙ የጻፈው ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ አላህ ሙሐመድን የላካቸው ጠሪ አድርጎ ነው እንጂ ግብር ሰብሳቢ አድርጎ አይደለም።

ሙአለፍ የሚለው ቃል መነሻው ሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ነው። ዘካ ከሚሰጣቸው 8 ክፍሎች አንዱ ልቦቻቸው የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። ብዙ ሰው ይህን አዲስ ሙስሊም ብቻ አድርጎ ይረዳዋል። ነገሩ ሰፋ ይላል። ከሑነይን ጦርነት ምርኮ መቶ መቶ ግመል ከተሰጣቸው አለቆች መካከል ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ አንዱ ነበር፤ ያኔ ገና አልሰለመም ነበር። ድርሻው ዛሬም አለ ወይስ ቀርቷል በሚለው ላይ መዝሀቦች (የኢስላም ሕግ መንገዶች) ተለያይተዋል፤ ሐነፊዎቹ ቀርቷል ይላሉ። ቃሉ ግን ወደ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ተሻግሮ የሰለመ ሰው የዘወትር ስም ሆኗል፤ ሙአላፍ ይሉታል። ማሌዥያ ውስጥ ሳውዳራ ባሩ፣ አዲስ ወንድም፣ የሚልም አለ። ሳውዳራ ኪታ፣ ወንድማችን፣ ሲሉም ይሰማል። ሁለተኛው ይሻለኛል፤ አዲስ የሚለውን ጥሎታል። ቱርኮች ሙህተዲ ይላሉ። ኡርዱ ተናጋሪዎች ናውሙስሊም ይላሉ፤ አዲስ ሙስሊም ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ እንግሊዞች ደግሞ የሰለመን ሰው "ቱርክ ሆነ" ይሉት ነበር። ለነሱ ሃይማኖቱና የጠላታቸው መንግሥት አንድ ነበሩ። ቁረይሽ ሰበአ ሲል እንደነበረው ማለት ነው።

አሁን በጣም የሚያከራክረው ከእንግሊዝኛ የመጣው ሪቨርት ነው። ተመላሽ ማለት ነው። ኮንቨርት፣ ማለትም ሃይማኖቱን የቀየረ፣ ከሚለው ይሻላል የሚሉ ብዙ ሙስሊሞች ይጠቀሙበታል። መነሻቸው ቡኻሪና ሙስሊም የተባለው ሌላው ሐዲስ ሰብሳቢ ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት የነቢዩ ንግግር ነው፦ የሚወለድ ሁሉ በፊጥራ፣ በተፈጥሮው፣ ላይ ይወለዳል፤ ወላጆቹ ናቸው አይሁድ ወይም ክርስቲያን ወይም እሳት አምላኪ የሚያደርጉት። ሰው ሲሰልም ታዲያ ወደ ተፈጠረበት ነው የሚመለሰው። በአማርኛ ወደ ኢስላም ተመለሰ የምንለውም ከዚሁ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፊጥራ ራሱ ምንድን ነው በሚለው ላይ ግን ሊቃውንት አንድ ቃል አይደሉም። ከቀደምቶቹ ብዙዎቹ ኢስላም ነው ሲሉ ሌሎች ደግሞ እውነትን ለመቀበል የተዘጋጀ ጤናማ ተፈጥሮ ነው ይላሉ። ለዕለት ንግግር ግን ሌላ ችግር አለው። "እገሌ ወደ ኢስላም ተመለሰ" ሲባል የሰማ ሰው፣ መጀመሪያ ሙስሊም ነበር፣ ወጣ፣ ከዚያ ተጸጽቶ መጣ ብሎ ሊረዳ ይችላል። ወላጆችም አሉ። ልጃቸው ተመላሽ ሲባል እነሱ ያሳደጉት ዘመን ሁሉ ስሕተት ተብሎ የተሰረዘ ይመስላቸዋል። ከሰለሙትም ራሳቸው "እኔ የተመለስኩበት ቦታ የለም፤ መጣሁ" የሚሉ አሉ። ለመምጣት የከፈሉትን ዋጋ ተመለሰ የሚለው ቃል ያቀልባቸዋል። በዚያ ላይ ሶሓባዎች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ የሚናገሩት ሰለመ እያሉ ነው። እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

የሁሉም ስሞች የጋራ ጣጣ "አዲስ" የሚለው ነው። አዲስነት እስከ መቼ ነው?

ፊቅህ፣ የኢስላም ሕግ ትምህርት፣ ይህን የሚያነሳው ለማቅለል ነው። በቅርቡ የሰለመ ሰው ባለማወቅ ያደረገው ነገር እንደ አዋቂ አይቆጠርበትም። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም የተባለው ሶሓባ የራሱን ታሪክ ይነግረናል። ሶላት ላይ አንዱ ሲያስነጥስ "የርሐሙከላህ"፣ አላህ ይዘንልህ፣ አለው። ሰጋጆቹ አፈጠጡበት። "ምን ሆናችሁ ነው የምታዩኝ?" ብሎ ጨመረበት። ጭናቸውን በእጃቸው እየመቱ ዝም ሊያሰኙት ሞከሩ። ሶላቱ ሲያልቅ ነቢዩ አልገሰጹትም፣ አልመቱትም፣ አልሰደቡትም። በሶላት ውስጥ የሰው ንግግር እንደማይገባ ብቻ ነገሩት። እሱም "የአላህ መልእክተኛ ሆይ፣ እኔ ለጃሂሊያ ቅርብ ነኝ"፣ ማለትም ከኢስላም በፊት ከነበረው ዘመን ገና መውጣቴ ነው፣ አለና ስለሌሎች ጉዳዮች ጥያቄውን ቀጠለ። አዲስ ነኝ ያለው ራሱ ነው፤ ያለውም ለመማር ነው።

ስሙ የሚጎረብጠው ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ሲያነሳው ነው። በተለይ ለጋብቻ። "ሰለምቴ እኮ ነው" ሲባል አባባሉ ራሱ ይናገራል። በፊቅህ መጻሕፍትም ይህ ጉዳይ አለ። በሐነፊ መዝሀብ ስለ ጋብቻ አቻነት ሲወራ፣ ዐረብ ካልሆኑት መካከል አባቱ ብቻ ሙስሊም የነበረ ሰው፣ አባቷም አያቷም ሙስሊም ለነበሩ ሴት አቻ አይደለም ተብሏል። አቡ ዩሱፍ አንድ አባት ይበቃል ብሎ አቅልሎታል። በማሊኪዎች ዘንድ ዋናው ሃይማኖተኝነቱ ነው፤ የዘር ቆጠራው ቦታ የለውም። በሐነፊው ስሌት ብንሄድ ከመጀመሪያዎቹ ሶሓባዎች አብዛኞቹ ሙስሊም አባት የላቸውም። ለዚህ ይመስለኛል ደንቡን ዐረቦች ላይ ያልተገበሩት።

ሙሐመድ አሰድን ውሰዱ። በ1900 ለምበርግ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሊዮፖልድ ቫይስ ይባል ነበር። በ1926 ሰለመ። ፓኪስታንን ወክሎ በተባበሩት መንግሥታት ሠርቷል፤ ቁርኣንንም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል። በ1992 ሲሞት ከ60 ዓመት በላይ በኢስላም ኖሯል። ዛሬም ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነገረው መስለሙ ነው። የሱን ትርጉም እያነበበ ያደገ፣ በሙስሊም ቤት የተወለደ ልጅ ግን ሙስሊም ብቻ ይባላል።