ነጭ ብስክሌቶች የቆሙበት ቦታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ነጭ ብስክሌት ማቆም ለቅሶ ብቻ ነው፤ የሚለውጠው ነገር የለም።»

ብስክሌተኛ በመኪና ተገጭቶ በሞተበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ነጭ የተቀባ ብስክሌት የማቆም ልማድ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተጀምሮ ብዙ አገሮችን አዳርሷል። አዎ፣ ሐዘን ነው፤ ቤተሰብ አበባ ያኖርበታል። ነገር ግን ቦታም ይጠቁማል። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለተኛ ነጭ ብስክሌት ሲቆም ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ጥድፊያ ማሳበብ አይቻልም። መንገዱ ራሱ መመርመር አለበት።

«ሄልሜት አድርጎ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

የሞት ዜና በተሰማ ቁጥር ይህ አስተያየት ይከተላል፤ ሐዘንተኞችንም ክፉኛ ያቆስላል። ሄልሜት ጭንቅላትን ይከላከላል፤ ማድረግም ተገቢ ነው። ሆኖም በአውሮፓ የብስክሌት ሄልሜት የሚፈተሸው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ከጠንካራ ነገር ጋር በማጋጨት ነው። የጭነት መኪና ሲታጠፍ ከጎኑ ያለውን ብስክሌተኛ ጎማው ሥር ካስገባው ደረትና ዳሌን የሚያድን ሄልሜት የለም። ሾፌሩ ከተቀመጠበት ሆኖ ብስክሌተኛውን ማየት ይችል ነበር? መንገዱስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ለምን አገናኛቸው? መቅደም ያለባቸው እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

«ፍጥነትን ከ50 ወደ 30 መቀነስ ጊዜ ማባከን ነው።»

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ይመታል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ቢሆን ግን ከ8 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በከተማ ውስጥ ጊዜ የሚበላው ደግሞ በአብዛኛው መብራትና መጨናነቅ ነው።

«ለብስክሌተኛ በቀለም የተሰመረ መስመር ይበቃል።»

ቀለም መኪና አያቆምም። ብስክሌተኛውን ከመኪና የሚለይ ከፍ ያለ ጠርዝ ያስፈልጋል፤ የቆመ መኪና በር ድንገት ቢከፈት የማይደርስበት ርቀትም እንዲሁ።

«የኔዘርላንድ ሰዎች በብስክሌት የሚሄዱት ባህላቸው ስለሆነ ነው።»

ይህ አባባል የብዙ ወላጆችን ትግል ይሰርዛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኔዘርላንድ መንገዶች ላይ 3,300 ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ከተሞቹ በዚያን ጊዜ ለመኪና ሲባል ይፈርሱ ነበር። ወላጆችና ወጣቶች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ተነሡ፤ አደጋ የሚበዛባቸውን ቦታዎች ያዙ፣ ልጆች እንዲጫወቱባቸው ጎዳናዎችን ለመኪና ዘጉ፣ የፖለቲካ ሰዎችን ፋታ ነሱ። ዛሬ የምናደንቃቸው የብስክሌት መንገዶች የተገኙት ከዚህ ጥያቄ ነው። ሌላ ከተማ የማይችልበት ምን ምክንያት አለ?

«ሞትን ዜሮ ማድረግ ሕልም ነው።»

የስዊድን ፓርላማ በመንገድ ላይ ማንም እንዳይሞትና ክፉኛ እንዳይጎዳ የሚል ግብ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በጎረቤቷ ኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በመኪና አደጋ አልሞተም። ከተማዋ ከዚያ በፊት ፍጥነትን ቀንሳ፣ ከመሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያዎችን አንሥታ፣ ቦታውን ለእግረኛና ለብስክሌት ሰጥታ ነበር።