ጨዋ ምክር ቤት፣ ሩቅ መራጭ

ከቦሌ አራብሳ ተነስቶ ፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር ነው። ሰልፉ ሳይቆጠር። ከተማዋ ወደ ጎን ስትለጠጥ የመራጭና የተመራጭ ርቀትም አብሮ ተለጠጠ። ስለ ተመራጮች ሥነ ምግባር ሲወራ ሰው የሚጀምረው ከአዳራሹ ነው፤ ማን ምን ተናገረ፣ ማን አጨበጨበ። ከዳር ሆኖ ላየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

መጀመሪያ አደረጃጀቱ። የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። በከተማዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት ከንቲባ የሚሰይመው፣ በጀት የሚያጸድቀውና አስፈጻሚውን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ከሥሩ የክፍለ ከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች አሉ። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ የሆነው በ2013 ነው። የምርጫ ክልሎች ግን ከክፍለ ከተማ ወሰን ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ አያት ወይም ሰሚት የሚኖር ሰው “ተመራጭህ ማን ነው?” ቢባል ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይስቃል። የወረዳውን ሥራ አስፈጻሚ ያውቃል። ደንብ አስከባሪውንማ በደንብ ያውቃል።

ሕጉ አነሰ አይባልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችልም ይደነግጋል። ይህ ከ1987 ጀምሮ የተጻፈ መብት ነው። ታክሲ ውስጥ ብታነሱት ግን “ማን ማንን ሊያነሳ?” የሚል መልስ ይጠብቃችኋል። የሀብት ማሳወቅና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ደግሞ ከተሿሚና ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር ተመራጭንም ይይዛል። ተመራጩ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት ያስመዘግባል፤ ምዝገባው በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። ሲገባ ምን ነበረው፣ ሲወጣስ ምን አለው ነው ነገሩ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እያለ ለሚተርት ሕዝብ ይህ አዋጅ ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት አያሻም።

የአዳራሹ ወግ የታወቀ ነው። አባል እጁን ያወጣል፣ አፈ ጉባኤ ዕድል ይሰጣል፣ ተናጋሪው “ክቡር አፈ ጉባኤ” ወይም “ክብርት አፈ ጉባኤ” ብሎ በዚያ በኩል ይናገራል። ተራ ማክበር፣ ከአጀንዳ አለመውጣት፣ ሰው ሲናገር አለማቋረጥ። ይህ ሁሉ ከውጭ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች ኩታውን እያጣፋ፣ በግጥም እየወረፈ ይከራከር ነበር። ዳኛው ፊት ግን ሥርዓት ነበረው። ዛሬም በየሰፈሩ እድር ያለ ፈቃድ የተናገረና አርፍዶ የመጣ ይቀጣል። የእድር ዳኛ “ተቀመጥ!” ሲል ያልተቀመጠ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ ምክር ቤቱ ጨዋ ነው? ጨዋ ነው። ግን ማን ከማን ይጣላል? በ1997 ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን አሸነፈ፤ ወንበሩን ሳይረከብ ቀረና ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። በ2000 ኢሕአዴግ በተራው 137ቱን ወሰደ። በ2013 ብልጽግና ሁሉንም ያዘ። ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸው ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው የተከራከሩበት ምክር ቤት ከእነዚህ ምርጫዎች አልወጣም። ስለዚህ “የአዲስ አበባ ተመራጮች ተከባብረው ይሠራሉ” የሚለው ምስክርነት ገና ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ተማሪ ሰነፍ አይደለም እንደማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሉኝታው ነው። ይሉኝታ ስድብን ያስቀራል፤ እሰየው። ጥያቄንም አብሮ ያስቀራል። ለአብዛኛው አባል ምክር ቤት ቋሚ ሥራው አይደለም። የራሱ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ አለቃ አለው። ሪፖርት የሚያቀርበው የቢሮ ኃላፊ ነገ ለሌላ ጉዳይ በሩን የሚያንኳኳበት ሰው ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ታዲያ “በቅድሚያ ለተሠሩት ሥራዎች ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ” ብሎ ይጀምራል። አድናቆቱ ረዝሞ ጥያቄው ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል። ከዚያ “በሙሉ ድምጽ ጸድቋል”። በኦዲት ሪፖርት ቀን ይህ ጨዋነት ለማን እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረደው።

ዳር ላይ ደግሞ ፈተናው ስም አለው፤ መሬት። መሃል ከተማ ያለ ተመራጭ የሚፈተነው በጉዳይ ማስፈጸም ነው፤ ዳር ያለው ግን በካሬ ሜትር ነው። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ቦታ ዛሬ የመንገድ ካርታ ይወጣበታል። መንገዱ የት እንደሚያልፍ ቀድሞ የሰማ ሰው ሀብታም ነው። በአንድ ሌሊት የምትቆም ጨረቃ ቤት አለች፣ ካሳ የሚጠብቅ አርሶ አደር አለ፣ ምትክ ቦታ የሚጠይቅ የልማት ተነሺ አለ። በመሃል ደላላ አለ፤ እሱ ሁሌም ስብሰባው ሳይጠራ አጀንዳውን ያውቃል። ለማጥፋት ተመራጩ ራሱ ደላላ መሆን አያስፈልገውም። ወንድሙ ይዞታ ባለበት ጉዳይ ላይ ዝም ብሎ እጅ ማውጣቱ ብቻ ይበቃል። በሐምሌ 2014 የወጣው ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን የዳር ነዋሪ አይረሳም። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች የሚሠሩት እዚሁ ዳር ላይ ነዋ። ያኔ የተነካካው በአስፈጻሚው እጅ ያለ ሥርዓት ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን “ተቆጣጣሪው የት ነበር?” ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ተመራጭና መራጭ በአካል የሚገናኙት የመራጭ ተመራጭ መድረክ በሚባለው ነው። አንዱ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ዳር ያለ የአንድ ወረዳ አዳራሽ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ የሚጮህ ማይክ። መድረክ ላይ ውሃ በሃይላንድ ተደርድሯል። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ስለ ውሃ ተናገረች፤ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሌሊት እንደሚመጣ። ጠርሙሶቹን እያየች ነበር፤ ሰው ሳቀ፣ ተመራጩም ሳቀ። ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ ልጆች የሚማሩበት ርቀት። ተመራጩ ማንንም አላቋረጠም፣ ሁሉንም በማስታወሻ ያዘ። መልሱ “ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፣ ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን” የሚል ሆነ። ከኋላ “ይያዝልን! በቃለ ጉባኤ ይያዝልን!” የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ማይክ ተቀበሉ። የእድር ጸሐፊ እንደነበሩ ኋላ ሰማሁ። “ልጄ፣ እድር ስንሰበሰብ መጀመሪያ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እናነባለን። ባለፈው ጊዜም እዚሁ ነበርን። እስቲ እሱ ይነበብልን” አሉ። መድረኩ ላይ እርስ በርስ ተያዩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ደብተሩን ገለጠ፣ ወደ ኋላ ገለጠ፣ ደግሞ ገለጠ። አዲስ ደብተር ነበር። የድሮው ከቀድሞው ጸሐፊ ጋር ነው፣ እሷ ደግሞ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራለች ተባለ። አባትየው ማይኩን መለሱና ተቀመጡ። ተመራጩ በጣም በትህትና አመሰገናቸው።